ጥቅምት 3 አይደለም

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ የሰፈር ኤግዚቢሽን ጽሑፍ አዘጋጅ ነበር። የደረሰኝ ሥራ ኮሪያ ዘምቶ የቀረ የአንድ የሰፈራችን ልጅ ታሪክ ነው።

ትልቁ ታሪክ አላስቸገረኝም። የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተሸኝቶ፣ ከጅቡቲ በመርከብ ፑሳን ገባ። በጦርነቱ ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን ወደቁ። አንድም አልተማረከም። አፅማቸው አገሩ ገብቶ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አረፈ። ይህን ስጽፍ እንባ ይተናነቀኝ ነበር።

ያስቸገረኝ የአንዱ ልጅ ነገር ነው። የእንግሊዝኛው ዝርዝር የአባቱን ስም አስቀድሞ፣ የራሱን አስከትሎ ጽፎታል። ፊደሉም የተዛባ ነው። ስሙን እንደምንም አገኘሁት። የሞተበት ቀን ኦክቶበር 3፣ 1952 ይላል። ዓመቱን ወደ 1945 መለስኩ። ወሩንና ቀኑን ግን ሳላሰላ «ጥቅምት 3» ብዬ ሰሌዳው ላይ አሳተምኩ።

በዋዜማው እህቱ መጡ። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው እናት ናቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው ሰሌዳው ፊት ቆሙ።

«ልጄ፣ ይሄ የማን ቀን ነው?»

«የወንድምዎ ነው፣ እማማ።»

«ወንድሜ የሞተው መስከረም ነው። በጊዮርጊስ ዕለት። አብሮት የነበረው ጓደኛው ተመልሶ ነግሮናል። ሙት ዓመቱን በ23 ሳወጣ ነው የኖርኩት።»

ክው አልኩ። ስልኬን አውጥቼ አሰላሁ። ኦክቶበር 3፣ 1952 መስከረም 23፣ 1945 ነው። ቁርጥ እሳቸው ያሉት! አሥር ቀን ስቼ ነበር። እኔ ሳምንት ሙሉ ወረቀት ሳገላብጥ እሳቸው ሁለት መንገድ ማዶ ነበሩ። መጀመሪያ የእሳቸውን በር ማንኳኳት ነበረብኝ።

ይቅርታ ጠየቅኳቸው። «ምን አጠፋህ፣ አንተም ለእሱ ብለህ ነው የደከምከው» አሉኝ። ከቦርሳቸው በጨርቅ የተጠቀለለ ፎቶ አወጡ። ጥግ ጥጉ ተበልቷል። ልጁ ቆቡን ወደ ጆሮው ዘንበል አድርጎ ቆሟል፤ ጢም ገና አላበቀለም።

ሌሊቱን ሰሌዳው እንደገና ታተመ። ጠዋት መጥተው በጣታቸው «መስከረም 23» የሚለውን ዳበሱት።

«የክርስትና ስሙስ? ቄሱ የሚጠሩት እኮ በዚያ ነው።»

ነገሩኝ። በብዕር ከስሙ ሥር ጻፍኩት።