ሪልታይም ሲባል ሁሉም ወደ ዌብሶኬት ለምን ይሮጣል?

ሥራው ቀላል ነበር። የትዕዛዝ ሁኔታ ሲቀየር ደንበኛው ገጹን ሪፍሬሽ ሳያደርግ ወዲያው እንዲያየው ነው። ያማከርኩት ሰው ሁሉ «ዌብሶኬት ተጠቀም» አለኝ፤ ሰርቨርና ብራውዘር በሁለቱም አቅጣጫ የሚነጋገሩበት መስመር ማለት ነው። አልተጠቀምኩም፤ እሰይ!

ዳታው የሚሄደው ከሰርቨር ወደ ብራውዘር ብቻ ነው። ቻት ወይም ጌም ቢሆን ዌብሶኬት ያስፈልጋል። ለዚህ ግን ሰርቨር ሰንት ኢቨንትስ፣ በአጭሩ ኤስኤስኢ፣ ይበቃል። ተራ ኤችቲቲፒ ነው፤ ሰርቨሩ መስመሩን ሳይዘጋ መልእክት በላይ በላይ ይልካል። መስመሩ ሲቋረጥ ብራውዘሩ ራሱ ተመልሶ ይገናኛል። ሰርቨሩ ለመልእክቶቹ መለያ ከሰጠ ደግሞ የመጨረሻውን ይዞ ስለሚመጣ ካቆመበት መቀጠል ይቻላል። በዌብሶኬት ይሄን ሁሉ ራሳችሁ ትጽፋላችሁ።

ኮዱ ቶሎ አለቀ። ላፕቶፔ ላይ ምንም እንከን የለውም። ጉዱ የመጣው ሰርቨር ላይ ሲወጣ ነው።

ገጹ ጭጭ ይላል። ከዚያ ድንገት የተጠራቀመው መልእክት ሁሉ በአንዴ ይዘረገፋል። ሎጉ ግን እያንዳንዱ በሰዓቱ ተልኳል ይላል። ሰርቨሩን የሚያስተዳድሩትን ጠየቅኩ። «በእኛ በኩል ችግር የለም፣ ኮድህን እይ» አሉኝ። አየሁ። ተመልሼ ሄድኩ፣ ያው መልስ። የፕሮክሲውን (ከአፑ ፊት ቆሞ ጥያቄና መልስ የሚያስተላልፈው ኤንጂንኤክስ) ኮንፊግ አሳዩኝ ስል ደግሞ «ለዴቨሎፐር አይፈቀድም»። ታዲያ እነሱ ካላዩት ማን ይየው?

በኋላ ከርል በሚባለው፣ ከተርሚናል ሪኩዌስት በሚልከው መሣሪያ ሞከርኩት። አፑን በቀጥታ ስጠይቀው መልእክቱ አንድ በአንድ ይመጣል። በፕሮክሲው በኩል ሲሆን ይጠራቀማል። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳሳያቸው ነው ከወንበራቸው የተነሱት። ኤንጂንኤክስ ካልተነገረው በቀር የአፑን መልስ በፈር እያደረገ፣ ማለትም እያጠራቀመ፣ ነው የሚያሳልፈው። ጭራሽ የሚያናድደው፣ እነሱን ደጅ መጥናትም አያስፈልግም ነበር። አፑ ራሱ ከመልሱ ጋር በፈሪንግ የሚያጠፋ ሄደር መላክ ይችላል። አንድ መስመር ኮድ! የጂዚፕ መጭመቂያም እንዲሁ መልእክት ሊያግት ስለሚችል ለዚህ አድራሻ አጥፉት።

ሌላው ወጥመድ ዝምታ ነው። ኤንጂንኤክስ ካልተቀየረ በቀር ለ60 ሰከንድ ከአፑ ምንም ካልመጣለት መስመሩን ይዘጋል። በየ15 ሰከንዱ ባዶ ኮሜንት (ብራውዘሩ ችላ የሚለው መስመር) ላኩ። ዌብሶኬት ብትመርጡም ከዚህ አታመልጡም።

ኤችቲቲፒ 2ንም አስከፍቱ። በድሮው 1.1 ብራውዘሩ ለአንድ ሳይት የሚፈቅደው 6 ግንኙነት ብቻ ነው። እያንዳንዱ ታብ አንድ ግንኙነት ይዞ ስለሚቆይ ተጠቃሚው 7ኛ ታብ ሲከፍት ገጹ ይቆማል፤ ስልክ የሚደወለው ደግሞ ለእናንተ ነው።

መረጃው በደቂቃ አንዴ ብቻ የሚቀየር ከሆነ ግን ኤስኤስኢውንም ተዉት። ፖሊንግ (ብራውዘሩ በየጊዜው ሰርቨሩን መጠየቁ) ኋላ ቀር ነው የሚሏችሁን አትስሙ። በየ30 ሰከንዱ አንድ ሪኩዌስት ላኩና ወደ ሌላ ሥራችሁ ሂዱ።