ቫይረሱ ያልያዘው ዴንድሪቲክ ሴል ለምን ያስፈልጋል?

ቲ ሴል የሚባለው የሰውነት መከላከያ ነጭ የደም ሴል ቫይረስን እንዳለ አያውቀውም። የሚያውቀው ተቆራርጦ ኤምኤችሲ በሚባል ፕሮቲን ላይ የተቀመጠውን ቁራጭ ነው። ገና ተዋግቶ ለማያውቅ ቲ ሴል ይህን ቁራጭ በማሳየት ዴንድሪቲክ ሴል የተባለውን ሌላ የመከላከያ ሴል የሚስተካከል የለም።

ዴንድሪቲክ ሴል ቆዳና ሳንባ ውስጥ ሆኖ ያገኘውን ይውጣል። ከዋጠው መካከል የቫይረስ አርኤንኤ ካለ እንደ ቲኤልአር3 ያሉ ተቀባዮች ይለዩታል። ያኔ መዋጡን ይቀንስና ሲሲአር7 የተባለውን ተቀባይ አውጥቶ በሊምፍ ቱቦ ወደ ንፍፊት (ሊምፍ ኖድ) ይጓዛል። ለአንድ ቁራጭ የሚገጥመው ቲ ሴል ከ100,000 እስከ 1,000,000 ከሚሆኑት አንዱ ብቻ ስለሆነ፣ መገናኛ ቦታ ባይኖር ኖሮ መገጣጠማቸው ዘበት ነበር።

እዚያ የቁራጩ መገጠም ብቻውን አይበቃም። በዴንድሪቲክ ሴሉ ገጽ ላይ ያሉት ሲዲ80 እና ሲዲ86 የተባሉ ፕሮቲኖች የቲ ሴሉን ሲዲ28 የተባለ ተቀባይ መንካት አለባቸው፤ ኢንተርሊዩኪን-12 እና ኢንተርፌሮን የተባሉ መልእክተኛ ፕሮቲኖችም ይጨመራሉ። ሲዲ28 ካልተነካ ቲ ሴሉ ይደነዝዛል ወይም ይሞታል። ይህ ጉድለት አይደለም፤ ቫይረስ በሌለበት ጊዜ ዴንድሪቲክ ሴል የሚያሳየው የራሳችንን ፕሮቲን ነውና። ንጹህ ፕሮቲን ብቻ የያዘ ክትባት ማነቃቂያ ቅመም የሚጨመርበትም ለዚሁ ነው።

ብዙ ጊዜ ተዘልሎ የሚታለፈው ግን ሌላ ነገር ነው። በቫይረስ የተያዘን ሴል የሚገድለው ገዳይ ቲ ሴል የሚያነበው ኤምኤችሲ 1 የተባለውን የኤምኤችሲ ዓይነት ነው፤ በዚያ ላይ የሚወጣው ደግሞ በአብዛኛው እዚያው ሴል ውስጥ የተሠራ ፕሮቲን ነው። ታዲያ የጉበት ሴልን ብቻ የሚይዝ ቫይረስ ቢሆንስ? ዴንድሪቲክ ሴል፣ በተለይ ሲዲሲ1 የሚባለው ዓይነት፣ የሞተውን ሴል ፍርስራሽ ውጦ ፕሮቲኑን ወደ ሳይቶፕላዝም (የሴሉ ውስጠኛ ፈሳሽ) ያሾልካል። ፕሮቲያሶም የተባለው የፕሮቲን መቁረጫ ይቆራርጠዋል፤ ታፕ የተባለው አስተላላፊ ኤምኤችሲ 1 ወደሚገጣጠምበት የሴሉ ክፍል ያስገባዋል፤ ከ8 እስከ 10 አሚኖ አሲድ ያለው ቁራጭ ኤምኤችሲ 1 ላይ ይወጣል። ሌሎች የመከላከያ ሴሎችን የሚያግዘው ረዳት ቲ ሴል ዴንድሪቲክ ሴሉን ሲዲ40 በተባለ ተቀባይ በኩል ሲያነቃቃው ደግሞ ኃይሉ ይጨምራል።

የሄርፒስ ሲምፕሌክስ ቫይረስ አይሲፒ47 በተባለ ፕሮቲኑ ታፕን ይዘጋል። መዝጋት የሚችለው ግን የያዘውን ሴል ታፕ ነው፤ ያልተያዘው ዴንድሪቲክ ሴል ቁራጩን ማሳየቱን ይቀጥላል፣ ገዳዮቹም ይነሣሉ። ችግሩ የሚመጣው ገዳዩ ቲ ሴል የተያዘው ሴል ዘንድ ሲደርስ ነው፤ እዚያ የሚያነበው ቁራጭ ላያገኝ ይችላል። ኤምኤችሲ 1 የጎደለውን ሴል እየፈለጉ የሚገድሉት ኤንኬ ሴሎች የሚጠቅሙትም እዚህ ላይ ነው።