የሽግግር ቀፎ በጭቃ ስሠራ፦ ርብራቡ ለምን 3.2 ሴንቲ ሜትር ይሆናል?

የሽግግር ቀፎን፣ ማለትም በባህላዊውና በዘመናዊው መካከል ያለውን ቀፎ፣ ከጣውላ ማሠራት ውድ ነው። እኔ የምሠራው በሸምበቆና በጭቃ ነው፤ ገንዘብ የማወጣው ለርብራቡ፣ ማለትም ቀፎው አፍ ላይ ለሚደረደሩት ንብ እንጀራዋን ለምታንጠለጥልባቸው እንጨቶች፣ ብቻ ነው።

ቀፎው ከላይ 44፣ ከታች 20 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል፤ ጥልቀቱ 24፣ ርዝመቱ ከዳር እስከ ዳር 87 ያህል ነው። ጎኖቹ ወደ ታች እየጠበቡ ይወርዳሉ፤ ንብ እንዲህ ካለ ግድግዳ ጋር እንጀራዋን (ማርና እጭ የምትይዝበትን የሰም ሥራ) እምብዛም አታጣብቅም። ሸምበቆውን ሸምኜ፣ ከእበትና ከጤፍ ጭድ ጋር ሦስት ቀን በቦካ ጭቃ በስሱ እለስነዋለሁ። አንዴ አወፍራለሁ ያለ ሰው ስንጥቅ ያተርፋል። መጨረሻ ላይ በእበት ብቻ ለቅልቄ ጥላ ውስጥ አደርቀዋለሁ። እርጥበት ያለበት ቀፎ ይሻግታል፤ መንጋውም ጥሎት ይሄዳል።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ የርብራቡ ነው። የእኛ አገር ንብ አንዱን እንጀራ ከሌላው የምትሠራው ከመሐል እስከ መሐል 3.2 ሴንቲ ሜትር ያህል አራርቃ ነው። ርብራቡ ከዚህ ከሰፋ ወይም ከጠበበ እንጀራው ከመስመሩ እየወጣ ሁለት ርብራብ ላይ ይጣበቃል። ያኔ አንዱን ለማየት ሲነሣ ሌላው ይቀደዳል፤ ማሩ ይፈስሳል፤ እጩ (ገና ያላደገው የንብ ልጅ) ይጎዳል፤ ቀፎው ከባህላዊው በምንም አይሻልም። አንድ ሚሊ ሜትር ንቀው የሚተዉ አናጢዎች አሉ። ቀፎው በሚይዘው 27 ርብራብ ሲባዛ 2.7 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ አንድ ሙሉ ርብራብ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ስለዚህ እያንዳንዱን በመለኪያ አያለሁ፤ ያልሆነውን እመልሳለሁ። እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይሸበሸባል፣ ይጣመማልም፤ ልኩ ትክክል የሚሆነው ከደረቀ በኋላ ሲቆረጥ ነው። የእያንዳንዱ ርብራብ ርዝመት 48 ሴንቲ ሜትር ይሁን።

በእያንዳንዱ ርብራብ ሆድ መሐል ለመሐል ቀጭን ቦይ አስወጥቼ የቀለጠ ሰም አፈስበታለሁ፤ ግድግዳው ላይ የሚያርፉትን ጫፎች እተዋለሁ። ንቧ ሥራዋን የምትጀምረው ከዚህ መስመር ነው። ርብራቦቹ ሲደረደሩ ብርሃን የሚያሳይ ክፍተት መኖር የለበትም።

መንጋውን የማዛውረው መስከረም ውስጥ፣ አደይ ሲፈካ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ነው። ባህላዊውን ቀፎ በኩበት ጭስ አጭሼ ንቡን ነጭ ጨርቅ ላይ አራግፋለሁ፤ ንግሥቲቱን በሸምበቆ ማገቻ ይዤ ርብራብ ላይ አንጠለጥላታለሁ፤ ሠራተኞቹ ሰም መሥራት ሲጀምሩ እፈታታለሁ። እጭ ያለበትን እንጀራ ቆርጦ ርብራብ ላይ በክር ማሰር መንጋው እንዳይኮበልል ይረዳል።

በ7ኛው ወይም በ10ኛው ቀን ከፍቶ ማየት ግድ ነው። የተጣመመ እንጀራ መዳፍ ሳያክል፣ ሰሙ ገና ለስላሳ ሳለ በጣት ቀስ ተብሎ ወደ መስመሩ ይመለሳል። ማር ከሞላ በኋላ ከተነካ ይሰበራል።

ማር የምቆርጠው ከእንጀራው ሦስት አራተኛው ሲታሸግ ነው፤ ያልታሸገው ውሃ ስለሚበዛበት ይቦካል። እጭ ያለበትን አልነካም፤ ለመንጋው የሚሆን ማርም አስቀራለሁ። አበባ በሌለበት ወቅት አንድ ኪሎ ስኳር በአንድ ሊትር ለብ ባለ ውሃ በጥብጬ፣ ከጎኑ ቅመም ያልገባበት ሽሮ ወይም በሶ አስቀምጣለሁ። የቀፎው መቆሚያ እግሮች ዙሪያ አመድ እነሰንሳለሁ፤ ዝናብ ካጠበው በማግስቱ እደግመዋለሁ፤ ጉንዳን አንድ ሌሊት ይበቃዋል።

ርብራብ ሳስቆርጥ 30 አስቆርጣለሁ። ሦስቱ ለመጠባበቂያ ናቸው፤ በኋላ ከሌላ አናጢ የሚመጣ ምትክ ልኩ አይገጥምም።