ከካርቶን እስከ ላሜራ፦ የጋራ ወርክሾፕ ለጅማ የፈጠራ ሰዎች የሚሰጠው ነገር

ጅማ ውስጥ ሐሳብ ያለው ሰው ሞልቷል። መርካቶ አካባቢ ያሉትን በያጆች፣ በርጩማ ከአንድ ወጥ ግንድ የሚጠርቡትን እንጨት ሠሪዎች ወይም ቡናውን አልጋ ላይ የሚያሰጣውን ገበሬ ብታነጋግሩ፣ እያንዳንዳቸው «ይህ ዕቃ እንዲህ ቢሆን ኖሮ» የሚሉት ነገር አላቸው። ሐሳቡ ግን አብዛኛውን ጊዜ ወረቀት ላይ ከተሳለ በኋላ፣ በእጅ የሚያዝ የመጀመሪያ ናሙና ከመሆኑ በፊት ይቀራል። በያጁ ለሙከራ ሲል የሚከፈልበትን ሥራ ማቆም አይችልም፤ ቶርኖ ቤትም ቢሆን ልኩ ያልታወቀ ነገር ይዞ ለሚመጣ ደንበኛ ማሽኑን ማስያዝ አይወድም። የጋራ ወርክሾፕ፣ በተለምዶ ሜከር ስፔስ የሚባለው፣ ጥቅሙ ከምንም በላይ እዚህ ላይ ይታያል፤ ስህተቱ ርካሽ በሆነበት ጊዜ ቶሎ መሳሳት ያስችላል።

የማውቀው አንድ ወጣት በያጅ ጎማ ወረዳ ውስጥ ቡና ለሚያለማ አጎቱ በእጅ የሚዞር የእሸት ቡና መፈልፈያ ማሻሻል ፈልጎ ነበር። የእነዚህ መፈልፈያዎች አሠራር ቀላል ነው፤ ጉብጉብ ያለ ከበሮ እየዞረ ቀዩን እሸት ከፊቱ ካለው ጠፍጣፋ ብረት ጋር ያጋፋውና ቆዳውን ይገፍፋል። ጣጣው ያለው በከበሮውና በብረቱ መካከል ባለው ክፍተት ላይ ነው። ክፍተቱ ከጠበበ ፍሬው ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀ ፍሬ ደግሞ በማብላላቱ ጊዜ ይበላሽና የቡናውን ጣዕም ያወርዳል። ከሰፋ እሸቱ ሳይፈለፈል ያልፋል። የአንድ ገበሬ ማሳ ላይ ያለው እሸት መጠኑ አንድ ዓይነት ስላልሆነ፣ የወጣቱ ሐሳብ ክፍተቱን ያለ መፍቻ፣ በቀላሉ ማስተካከል የሚያስችል ነገር መሥራት ነበር።

ይዞት የሄደው ጥቂት ወጣቶች ተከራይተው ወደ ከፈቱት የጋራ ወርክሾፕ ነው። እዚያ ያገኘው የምህንድስና ተማሪ ማሽን ከማስነሳቱ በፊት ካሊፐር፣ ማለትም የትናንሽ ዕቃዎችን ውፍረት በትክክል የሚለካ መሣሪያ፣ ሰጠውና ከተለያዩ ዛፎች የተለቀመ እሸት እንዲለካ አደረገው። ቀጥሎ ክፍሎቹን ከካርቶን፣ ከዚያም በሌዘር ከተቆረጠ ስስ ኮምፔንሳቶ ሠሯቸው። በመጀመሪያው ንድፍ ብረቱ በግራና በቀኝ ባሉ ሁለት ቡሎኖች ይጠብቅና ይላላ ነበር። ሥራውን ዳር ቆመው ያዩ አንድ አንጋፋ የቶርኖ ባለሙያ «አንተ ልጅ፣ ሁለቱን ቡሎን ሰው እኩል ያዞራል ብለህ ነው?» አሉት። ልክ ነበሩ፤ አንዱ ቡሎን ትንሽ ሲቀድም ክፍተቱ በአንድ ወገን ጠባብ፣ በሌላው ሰፊ ይሆን ነበር። «እሺ ጋሼ» ብሎ ሁለቱን ቡሎኖች ተዋቸውና በአንድ ዘንግ ጫፎች ላይ ሁለት ክብ ቁራጮች አደረገ፤ ዘንጉ የሚገባበት ቀዳዳቸው ከመሃላቸው ፈቀቅ ያለ ስለሆነ፤ አንድ እጀታ ሲዞር ብረቱ በሁለቱም ወገን እኩል ይገፋል። ቀዳዳው ከክቡ መሃል ምን ያህል ይራቅ የሚለውን ለመወሰን ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ቁጥር እየለወጡ በስሪዲ ፕሪንተር፣ ማለትም የቀለጠ ፕላስቲክ እየደራረበ ዕቃ በሚሠራ ማሽን፣ የተለያዩ ቁራጮችን አተሙ። ብረት የተቆረጠውና ቶርኖ ቤት የተሄደው ልኩ ከታወቀ በኋላ ነው።

እኔን የሚገርመኝ የተማሪው፣ የበያጁና የአንጋፋው ባለሙያ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መገናኘት ነው። ሦስቱም በአንድ ከተማ ይኖራሉ፤ ነገር ግን አንደኛው ካምፓስ፣ ሁለተኛው ጋራዥ፣ ሦስተኛው ቶርኖ ቤት ስለሚውሉ ካለ ምክንያት አይገናኙም።

ይህ ዓይነቱ አሠራር በዓለም ላይ ከተስፋፋ ብዙም አልቆየም። በአሜሪካ የኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ኒል ገርሸንፌልድና ባልደረቦቹ ፋብ ላብ የሚባለውን የመጀመሪያውን የማኅበረሰብ ወርክሾፕ ቦስተን ውስጥ የከፈቱት እ.ኤ.አ. በ2003 ሲሆን፣ በእንግሊዝ የባዝ ዩኒቨርሲቲው አድሪያን ቦውየር በ2005 የጀመረውና ንድፉን ለማንም ክፍት ያደረገው ሬፕራፕ የተባለ የስሪዲ ፕሪንተር ፕሮጀክት የማሽኑ ዋጋ እንዲወርድ መንገድ ጠርጓል። ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ምሳሌ ግን የቶጎው ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. በዋና ከተማዋ ሎሜ በሚገኘው ወላብ የተባለ የጋራ ወርክሾፕ ውስጥ አፋቴ ግኒኩ ከተጣሉ ስካነሮች፣ ፕሪንተሮችና ኮምፒውተሮች ዕቃ እየፈታ የሚሠራ ስሪዲ ፕሪንተር ገጣጥሟል። የጅማ ጠጋኞች ሱቅ ውስጥ ተከምሮ አቧራ የሚጠጣውን ዕቃ ያየ ሰው ነገሩ ሩቅ አይመስለውም። በአገራችንም አዲስ አበባ ላይ አይስአዲስ የተባለው የፈጠራ ማዕከል በ2011 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀምሯል።

ስለ ስሪዲ ፕሪንተር አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ሰው ከሚገባው በላይ ይጠብቅበታል። በብዛት የሚታተምበት ፒኤልኤ የሚባለው ፕላስቲክ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ይለሰልሳል፤ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ የተተወ ቁራጭ ሊጣመም ይችላል። ስለዚህ ለልክ ማረጋገጫ እንጂ ለመፈልፈያው መጨረሻ ክፍል አይሆንም። ማተሙም ሰዓታት ይወስዳል፤ በመሃል መብራት ሲሄድ አንዳንዶቹ ማሽኖች ካቆሙበት ቢቀጥሉም፣ የማተሚያው ጠረጴዛ ከቀዘቀዘ ቁራጩ ተላቆ ሥራው ሊበላሽ ይችላል። በእኔ እምነት የሚገዛው ገንዘብ ውስን ከሆነ ከሁለተኛ ፕሪንተር በፊት ጥሩ የቁም ድሪል፣ በርከት ያሉ ካሊፐሮችና የመብራት መጠባበቂያ ባትሪ ይቀድማሉ።

ናሙና የሠራ ሰው ቶሎ የሚጠይቀው «ቢሰርቁብኝስ?» ብሎ ነው። የፈጠራ ሥራዎችን የሚጠብቀው አዋጅ ቁጥር 123/1987 ከፓተንት ሌላ የአነስተኛ ፈጠራ የምስክር ወረቀት የሚባል ጥበቃ አለው፤ ለ5 ዓመት የሚሰጥና ለተጨማሪ 5 ዓመት ሊታደስ የሚችል ነው። እንደ መፈልፈያው ያለውን፣ የታወቀ መሣሪያ ላይ የተደረገ ማሻሻያ የሚመጥነው አብዛኛውን ጊዜ ይኸኛው ነው። ታዲያ ናሙናውን ባዛር ላይ ከማሳየት በፊት ማመልከቻውን ማስገባት ይሻላል።

የሚከብደው ወርክሾፑን በእግሩ ማቆየት ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ የተከፈተውና በአሜሪካ ከተሞች ቅርንጫፎች የነበሩት ቴክሾፕ የተባለው የጋራ ወርክሾፕ ድርጅት በአባላት ክፍያ ላይ ተደግፎ ሲሠራ ቆይቶ በ2017 ከስሮ ተዘግቷል። እዚያ ያልበቃ የአባላት መዋጮ እዚህ ይበቃል ብሎ መገመት ያስቸግራል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም ሆነ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ወርክሾፖቻቸውን ቅዳሜ ቅዳሜ በባለሙያ ተቆጣጣሪ ለሕዝብ ቢከፍቱ፣ ብዙው ወጪ ቀድሞ በተገዛ ማሽን ተሸፈነ ማለት ነው። እስከዚያው እኔ በማውቀው ወርክሾፕ ኪራዩን የሚከፍሉት በሌዘር የሚቆረጡ የሱቅ ማስታወቂያዎችና የሠርግ ማስዋቢያዎች ናቸው፤ የፈጠራ ሰዎቹም ተራ የሚደርሳቸው ትዕዛዙ ካለቀ በኋላ፣ አመሻሽ ላይ ነው።