በእግራቸው የመጡት እናት

ድሬዳዋ ውስጥ አንድ ሆስፒታል ራጅ አነሳለሁ። የሆነውን የምጽፈው የኔም እጅ ስላለበት ነው።

ኮምፒውተር የተማረ አንድ ወጣት ወደ ክፍላችን መጣ። የደረት ራጅ አይቶ የሳንባ ምች መኖር አለመኖሩን የሚናገር ፕሮግራም ልሥራ አለ። ሐሳቡን ከልቤ ወደድኩት። ራጅ የሚያነብ ስፔሻሊስት እኛ ጋ ሁልጊዜ የለም። ሌሊት ተረኛው ሐኪም ስክሪኑ ላይ አፍጥጦ ብቻውን ሲጨነቅ ስንቴ አይቻለሁ።

መጀመሪያ የሞከረው ከኢንተርኔት ባወረዳቸው 5,856 ራጆች ነው። ቻይና፣ ጓንጁ ከተማ ካለ የሕፃናት ሆስፒታል የተሰበሰቡ ናቸው። የልጆቹ ዕድሜ ከ1 እስከ 5 ዓመት ነው። የኛ ታካሚ ደግሞ አብዛኛው አዋቂ ነው። «አቦ፣ የራሳችንን እናስተምረው» ተባባልን። ፈቃድ አገኘን፣ የታካሚዎቹን ስም አጠፋን፣ ጀመርን።

ራጆቹን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ጤነኛ ደረት ሲፈለግ ቀላሉ ለአረብ አገር ሜዲካል የሚመጡት ወጣቶች ናቸው። ሁሉም ቆመው፣ ደረታቸውን ሰሌዳው ላይ ለጥፈው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው የተነሱ። የታመሙትን ያመጣሁት ግን ከድንገተኛ ክፍል ነው። እነሱ መቆም አይችሉም። ተንቀሳቃሹን ማሽን እየገፋን ሄደን አልጋቸው ላይ ነው የምናነሳቸው። ይህ ልዩነት ጣጣ ያመጣል ብዬ አንድ ቀን አላሰብኩም።

ፕሮግራሙ ሲፈተን ከ100 ራጅ ከ90 በላይ በትክክል መለሰ። በጣም ደስ አለን። መፈተኛዎቹም ከዚያው ከኔ ክምር የተቆነጠሩ መሆናቸውን ማን ልብ አለ?

ግንቦት ላይ ነው፣ ሙቀቱ አናት የሚበሳበት ሰዓት። ቀፊራ ገበያ ሽንኩርት የሚሸጡ አንዲት እናት ከባጃጅ ወርደው በእግራቸው ገቡ። ሦስት ቀን አስሏቸዋል። «ጎኔን ይወጋኛል፣ ልጄ» አሉኝ። አቁሜ አነሳኋቸው። ፕሮግራሙ ወዲያው «ጤነኛ» አለ። ሐኪሙ ከሌሊት ተረኝነት ያልወጣ ወጣት ነበር። ራጁን ገረፍ አድርጎ አየና የሳል ሽሮፕ መጻፍ ጀመረ።

ሲስተር ግን አላመነችም። «እማማ፣ እስቲ ትንሽ ቁጭ ይበሉልኝ» አለቻቸው። ምንም ሳታወራ ዓይኗን የሴትየዋ ደረት ላይ ተክላ፣ የግድግዳውን ሰዓት እያየች አንድ ሙሉ ደቂቃ ቆጠረች። 32። ጤነኛ አዋቂ አርፎ ሲቀመጥ ከ12 እስከ 20 ነው የሚተነፍሰው። ጣታቸው ላይ መለኪያውን ስትሰካ ኦክስጅናቸው ወርዶ 89 በመቶ ሆነ።

«ዶክተር፣ እኚህ እናት እንዲህ ሆነው ቤት አይሄዱም።»

ሐኪሙ ተነስቶ ጀርባቸውን አዳመጠ። በቀኝ በኩል ወደታች ሲደርስ ቆም አለ፤ ደግሞ አዳመጠ። ራጁን ከፍተን አብረን አየን። ከቀኙ ሳንባ ግርጌ፣ ደረትንና ሆድን ከሚለየው ጡንቻ፣ ከድያፍራሙ በላይ፣ ደመና የመሰለ ነጭ ነገር አለ። ከመጀመሪያውም እዚያው ነበር። ተኙ፣ ኦክስጅንና አንቲባዮቲክ ተጀመረላቸው። በአምስተኛው ቀን ድነው ወጡ።

የዚያን ማታ ፕሮግራሙን የሠራው ልጅ ቤቱ አልሄደም። ግራድ-ካም የሚባል ዘዴ አለ፤ ፕሮግራሙ ለመወሰን የትኛውን የሥዕሉን ክፍል እንዳየ በቀለም ይቀባል። የታመሙትን ራጆች አንድ በአንድ ከፈትን። ቀዩ ቀለም ሳንባው ላይ አይደለም። ጥግ ላይ፣ የቀኙን ጎን የምታመለክተው፣ ከእርሳስ ብረት የተሠራችው ፊደል ላይ ነው። የተንቀሳቃሹን ማሽን ፊደል በፕላስተር የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ትንሽ ዘመም ብላለች። ቆመው የሚነሱበት ክፍል ያለችው ቀጥ ያለች ናት። ጨረሩ ከፊት ወደኋላ ስለሚያልፍ ልባቸው የሰፋ የሚመስለው፣ ትንፋሻቸውን በደንብ ያልሳቡት፣ ሁሉም የተኙት ናቸው። ፕሮግራሙ የተማረው የተኛ ታሟል፣ የቆመ ድኗል የሚለውን ነው። እኚያ እናት ደግሞ ቆመው ነበር።

ልጁ ከጥቂት ቀን በኋላ እ.ኤ.አ. በ2018 አሜሪካ የወጣ ጥናት አመጣልኝ። ከአንድ ሆስፒታል በመጡ ራጆች የሳንባ ምች መለየት የተማረ ፕሮግራም ሌላ ሆስፒታል ሲወሰድ ብዙ ጊዜ ይዳከማል። ከዚያ የገረመኝ፣ ራጁ ከየትኛው ሆስፒታል እንደመጣ መለየቱ ነው፤ አይስትም ማለት ይቻላል። አንዱ ሆስፒታል ጋ ከራጆቹ 34.2 በመቶው፣ ሌላው ጋ 1.2 በመቶው ብቻ የሳንባ ምች ነበረባቸው። ሆስፒታሉን ያወቀ፣ ሳንባውን ሳያይ ግማሹን መልስ አገኘ ማለት ነው። የኔ ክምር ከዚህም የባሰ ነበር።

እንደገና ጀመርን። ቆመው የተነሱ የሳንባ ምች ታማሚዎችን ፈለግሁ። ተኝተው የተነሱ፣ ግን ሳንባቸው ንጹሕ የሆነ፣ የመኪና አደጋ የደረሰባቸውን ጨመርኩ። ፊደሏን ከሁሉም ላይ ሸፈንናት። ውጤቱ ወረደ። ልጁ አዘነ፤ እኔ ግን ይሄኛውን ቁጥር ነው የማምነው።

አሁን እያንዳንዱ ራጅ ሥር በየትኛው ማሽን፣ ቆሞ ይሁን ተኝቶ እንደተነሳ እጽፋለሁ። ልጁ ከሐረር የሚመጡ ራጆችን እየጠበቀ ነው፤ በነሱ ካልተፈተነ አናምነውም። እስከዚያ ፕሮግራሙ ለታካሚ አይከፈትም። ሲስተር ትንፋሽ መቁጠሯን ቀጥላለች።