ቺዙ የት ገባ? ጁሲ ሉሲ ፍለጋ ያየሁት አሳር

አሜሪካ፣ ሚኒያፖሊስ መጥታችሁ "ጁሲ ሉሲ ሳትበሉ እንዳትመለሱ" ያላላችሁ ሰው ካለ፣ ወይ ለከተማው አዲስ ነው ወይ ሥጋ አይበላም። ነገሩ በርገር ነው። ሁለት ስስ የተፈጨ ሥጋ ይዘጋጅና መሃላቸው ቺዝ ይገባል፤ ከዚያ ጠርዙ ዙሪያውን በጣት ተጭኖ ይደፈናል። ሲጠበስ ቺዙ ውስጥ ይቀልጣል። ስትገምጡት ይፈሳል። ከላይ ቺዝ የተደረበበት በርገር የትም አገር አለ፤ ይሄኛውን ግን ሰዉ እንደ ቅርሱ ነው የሚያየው።

ይህን የምጽፈው ከመነሻው አንድ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ ብዬ ስለምቆጭ ነው። የትኛው ቤት ዝነኛ ነው፣ ምን ዓይነት ቺዝ ይጠቀማል እያሉ መመራመር ብዙም አይረባም። ነገሩን የሚያሳምረውም የሚያበላሸውም ሥጋውን የሚደፍነውና ምጣዱ ላይ የሚቆመው ሰው ነው። ኢንተርኔት ላይ "ምርጥ 10" እያሉ ደረጃ የሚያወጡት ስለዚህ ሰው አንድ ቃል አይተነፍሱም።

ፍለጋውን የጀመርኩት ከፋሲካ በኋላ ነው። ጾም ለሚይዝ ሰው ይህን አጥብቄ እመክራለሁ። ምግቡ ሥጋም ቺዝም ስለሆነ በጾም ቀን "ይሄን ቀንሱልኝ" የሚባልለት ነገር የለውም። በበዓለ ሃምሳ ግን ረቡዕም ዓርብም አይጾምም፣ እንደ ልብ ነው። አሳማ የማትበሉ ደግሞ ቤከን እዚያው ምጣድ ላይ ይጠበስ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ብዙ ቦታ ይጠበሳል። ጥያቄው ማንንም አያስቀይምም፤ ሳትጠይቁ ቀርታችሁ ጎረቤት ጠረጴዛ ላይ ቤከን ስታዩ ነው የምግብ ፍላጎታችሁ የሚዘጋው።

የፍለጋው ቀላሉ ክፍል ሲዳር አቬኑ ነው። መንገዱ እኛ ሐበሾችና ሶማሌዎች ከምናዘወትረው ከሲዳር ሪቨርሳይድ በኩል ወደ ደቡብ ይወርዳል። እዚያው መንገድ ላይ፣ እርስ በርስ 5 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት፣ ሁለት ቤቶች "እኛ ነን የፈጠርነው" እያሉ ሲከራከሩ ይኖራሉ። አንዱ እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው ማትስ ባር ነው። እነሱ እንደሚሉት አንድ ደንበኛ ቺዙን ከላይ ሳይሆን በሁለት ሥጋ መሃል አድርጉልኝ ብሎ አዘዘ፣ ከዚያ ወዲህ እንደዚያው ቀጠለ። ሌላው ፋይቭ ኤይት ክለብ ነው። እሱ እ.ኤ.አ. በ1928 አሜሪካ ውስጥ አልኮል በተከለከለበት ዘመን በድብቅ መጠጥ ቤትነት የጀመረ ነው። ኦባማ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2014 ማትስ ባር ገብተው በልተዋል፤ ወረፋውን ያበዛው እሱ ነው የሚል አለ። እኔ ማን ፈጠረው የሚለውን ክርክር ለባለቤቶቹ ትቻለሁ።

ሁለቱንም ቀመስኩ። ወንዙን ተሻግሬ ጎረቤት ከተማ ሴንት ፖል ሄጄም ብሉ ዶር ፐብ ውስጥ ሰማያዊ ቺዝና ነጭ ሽንኩርት የተሞላውን ቀመስኩ። እስከዚህ ድረስ ችግር የለም። ወረፋ ነበረ፣ ላንቃዬ ተላጠ፣ ሸሚዜ ላይ ፈሰሰብኝ፤ ያው የሚጠበቅ ነው።

ችግሩ የመጣው የከተማው ዳር ካለ አንድ ምግብ ቤት ነው። ስሙን አልጠራም። ካየኋቸው ዝርዝሮች በብዙዎቹ ላይ አንደኛ ነው። ፎቶው ላይ ቺዙ ክንድ የሚያህል ይሳባል። ያንን ፎቶ ያየ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ አይቀርም። እኔም ብቻዬን ልሂድ አላልኩም፤ አጎቴን፣ የአክስቴን ልጅ ከነባሏና ከሁለት ልጆቿ ጋር ሰብስቤ ቅዳሜ ማታ ሄድን። ስድስት ሰው መሆናችንን አስታውሱልኝ፣ በኋላ ትደርሱበታላችሁ።

አጎቴ የክትፎ ሰው ናቸው። አስተናጋጇን "ለብ ለብ ይደረግልኝ በያት" አሉኝ። እንደማይሆን ለማስረዳት ጊዜ ወሰደብኝ። በዚህ ጉዳይ እኔም ከመንግሥት ጎን ነኝ። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት የተፈጨ የበሬ ሥጋ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይድረስ ይላል፤ ሙዳ ሥጋ ላይ ጀርሙ የሚቀመጠው ከውጭ ነው፣ ሲፈጭ ግን ከውስጡ ጋር ይደባለቃል። ደግሞስ ሥጋው ለብ ለብ ከሆነ ቺዙ መቼ ይቀልጣል? አጎቴ "እሺ፣ እንዳልሽው" አሉ፣ ግን ፊታቸው እሺ አላለም።

በርገሩ መጣ። አስተናጋጇ "በጣም ስለሚያቃጥል አምስት ደቂቃ ታገሡ" አለችን። ታገሥን። ልጆቹ ስልክ ይዘው ሲሳብ ሊቀርጹ ተዘጋጁ። ቆረጥኩት።

ባዶ ነው። ሥጋው መሃል ላይ ኪስ አለ፣ ኪሱ ግድግዳ ላይ ቢጫ ነገር ተቀብቷል፣ በቃ። የአጎቴን ቆረጥን፣ ያው ነው። የልጆቹ አንዱ ብቻ ትንሽ ነገር ተገኘበት፣ ታናሽየው "የኔ አለው!" ብሎ ሲጮህ ታላቁ አለቀሰ።

አስተናጋጇን ጠራናት። አይታ ደነገጠች፣ ማናጀሩን ጠራች። ማናጀሩ ሳህኑን ጎንበስ ብሎ እንኳ አላየም። "ቺዙ ሥጋው ውስጥ ገብቷል፣ የዚህ ምግብ ባሕርይ ይሄ ነው" አለኝ። እኔ እዚሁ ከተማ ስንት ዓመቴ! ቺዝ ሥጋ ውስጥ አይሰርግም፣ የሚያመልጥበት ቀዳዳ ካገኘ ወጥቶ ይሄዳል እንጂ አልኩት። እሱ ያንኑ ደገመልኝ። ቀስ ብሎ ነው የደገመው፣ እንግሊዝኛ እንዳልገባኝ ሁሉ። እስካሁን ድረስ የሚያናድደኝ ከባዶው በርገር ይልቅ ያቺ ቀስ ማለቱ ናት።

አጎቴ በአማርኛ "ሳምቡሳም ጠርዙ ካልተያዘ ምስሩ ዘይት ውስጥ ነው የሚቀረው፤ ይሄ ሰውዬ ምን ያወራል?" አሉ። ሳቅን። ማናጀሩ በእሱ የሳቅን መሰለው። እውነትም በእሱ ነበር።

መጨረሻ ላይ "ከላይ ቺዝ ላድርግላችሁ" አለ። ደክሞን ነበር፣ እሺ አልን። ከላይ ቺዝ ሲደረግበት እንግዲህ ያው የትም የሚሸጠው ቺዝ በርገር ሆነ። ቢሉ ሲመጣ "ተጨማሪ ቺዝ" የሚል መስመር አለው። አላመንኩም፣ ደግሜ አነበብኩት። ከታች ደግሞ ስድስትና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው ተብሎ 18 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ተጨምሯል። የቺዙን ተከራክሬ አስነሣሁ። 18 በመቶው ግን "ሲስተሙ ነው" ተባለ። ሲስተሙ! ገንዘቡ ለአስተናጋጇ ይድረስ ወይስ ለቤቱ ይቅር ብዬ ብጠይቅ የጠራ መልስ የሚሰጠኝ አጣሁ። ልጅቷ ምንም ስላላጠፋች ቲፕ በእጇ ሰጥቻት ወጣሁ።

ቤት ገብቼ የሆነውን ኢንተርኔት ላይ አስተያየት አድርጌ በትሕትና ጻፍኩ። የምግብ ቤቱ ባለቤት በማግስቱ መለሰልኝ። "ደንበኛችን የምግቡን ባህል ባለማወቃቸው እናዝናለን" ይላል። ከዚህ በኋላ ነገሩ የበርገር ጉዳይ መሆኑ ቀረ።

ማክሰኞ ከሰዓት፣ ቤቱ ጭር ሲል፣ ተመልሼ ሄድኩ። ምጣዱ ከሚታይበት ባንኮኒ ላይ ተቀመጥኩና የሚጠብሰውን ልጅ እንደ ፈታኝ አየሁት። ሚስጥሩ ሦስት ደቂቃ አልፈጀም። አንደኛ፣ ቺዙ አራት ማዕዘን ነው፣ ሥጋው ክብ ነው። ማዕዘኖቹን ሳያጥፍ ስለሚያስገባው ጫፎቹ ጠርዙ ድረስ ይደርሳሉ፣ እዚያ ጋ ሥጋ ከሥጋ አይያያዝም። ሁለተኛ፣ ጠርዙን በጣቱ አንዴ መታ መታ አድርጎ ምጣዱ ላይ ይጥለዋል። ሦስተኛውና ዋናው፣ በመገልበጫው ይጫነዋል። ሥጋ ሲሞቅ ይኮማተራል፣ ውስጥ ያለው ውሃ እንፋሎት ሆኖ ይገፋል፤ በዚያ ላይ ከላይ ስትጫነው ቺዙ በደካማው በኩል ፈንድቶ ይወጣል። ሲወጣ በጆሮዬ ሰማሁት። ልጁም የፈሰሰውን ቺዝ ቀልጠፍ ብሎ ጠርጎ ወደ ቅባት ማጠራቀሚያው ሰደደው። የኔ ቅዳሜ ቺዝ የት እንደገባ ታወቀ።

"ለምንድነው የምትጫነው?" አልኩት። "ካልተጫንኩት አይፈጥንም፣ ቶሎ አውጣ እያሉ ይጮሁብኛል" አለኝ። ልጁ ላይ አልፈርድም። ያንን የምግብ ባህል አስተምሮ የጻፈልኝ ባለቤት ግን አንድ ቀን እንኳ ምጣዱ አጠገብ ቢቆም ጥሩ ነበር።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ የምከተለው እንዲህ ነው። ቅዳሜና ዓርብ ማታ አልሄድም። ምጣዱ ሲጨናነቅ የሚጠብሰው ሰው መጫን ይጀምራል፣ የትም ቤት ቢሆን። የሚቻል ከሆነ ምጣዱ የሚታይበት ቦታ እቀመጣለሁ። ሳህኑ ሲመጣ ከመቁረጤ በፊት አየዋለሁ፦ ሆዱ ነፋ ያለ ከሆነ እንፋሎቱም ቺዙም ውስጥ ነው፤ ጠፍጣፋ ሆኖ ጠርዙ ላይ ቡናማ የደረቀ የቺዝ ቅርፊት ካለው አልቆለታል፣ ሳልነካው እመልሰዋለሁ። አንዴ ከተቆረጠ "በልታችሁት ነው" ይባላል።

"አምስት ደቂቃ ጠብቁ" የሚለውን ምክር አልቀበልም። ማስጠንቀቂያው እውነት ነው፤ የቀለጠ ቺዝ እንደ ውሃ ወርዶ አያልፍም፣ ላንቃ ላይ ተለጥፎ ያቃጥላል። ግን ያን ያህል ከቆየ ቺዙ ይረጋል፣ ዳቦው በታች በኩል ይርሳል። እኔ ጎኑን በቢላ ጫፍ ወጋ አደርግና እንፋሎቱን አስወጣለሁ፣ ሁለት ደቂቃ ያህል ቺፕሱን እየበላሁ እጠብቃለሁ፣ ከዚያ እጀምራለሁ። የከተማው ሰው ቢላ ማስጠጋትን እንደ ነውር ያየዋል። ይታዘበኝ።

የጎብኚ መመሪያዎች ሁለቱን የሲዳር ቤቶች በአንድ ቀን አወዳድሩ ይላሉ። እንዳትሞክሩት። ሁለተኛው ጋ ስትደርሱ ጠግባችኋል፣ ጠግቦ የቀመሰ ሰው ደግሞ የትኛውንም አያደንቅም። የተለያየ ቀን ሂዱ፣ ርቧችሁ ሂዱ።

ስለ ቺዙ ዓይነት ደግሞ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። በፊት ያ ቢጫ የአሜሪካን ቺዝ የልጆች ምግብ ይመስለኝ ነበር። አሁን ለዚህ በርገር ከእሱ የሚሻል አላውቅም። ሲሠራ እንደ ሶዲየም ሲትሬት ያለ ጨው ስለሚገባበት ቅባቱና ውሃው አይለያይም፣ ሲቀልጥ ወፍራም መረቅ ይሆናል። ብዙ የቆየ ቼዳር ግን ሲሞቅ ዘይቱ ለብቻ ይወጣል፣ የቀረው ይጓጉላል። ሰማያዊ ቺዝ ለሚወድ ሰው የብሉ ዶሩ ጥሩ ነው፤ መምረጥ የሚወድ ፋይቭ ኤይት ይሂድ፣ እዚያ የሚፈልገውን ቺዝ ያስመርጡታል። እኔ ግን ከዚህ ሁሉ ዙረት በኋላ የማትስ ባሩ፣ ከነተጠበሰው ሽንኩርቱ፣ አንደኛዬ ነው። አጎቴ አይስማሙም። እሳቸው "ፋይቭ ኤይት ቢያንስ ወንበሩ ይመቻል" ይላሉ።

ያ የከተማ ዳር ቤት አሁንም ዝርዝሮቹ ላይ አለ፣ ፎቶውም አልተቀየረም። ባለቤቱ አስተያየቴን እንዳነሣ ጽፎልኛል፣ በነፃ እራት ጋብዞኛል። እኔ ደግሞ 18 በመቶው ይመለስና እንነጋገራለን ብዬዋለሁ። እስካሁን መልስ የለም።