ወባ ያልነበረው ትኩሳት

በኮምቦልቻ ከተማ በቧንቧና በብረት ሥራ ረዳትነት በተቀጠርሁ በሦስተኛው ዓመት፣ በመስከረም አጋማሽ፣ ከቦርከና ወንዝ ብዙም በማይርቅ አንድ ግቢ ውስጥ ሥራ ያዝን። የቤቱ ባለቤት በዕድሜ የገፉ እናት ስለነበሩት፣ ውዱእ ወደሚያደርጉበት ቧንቧ ሲወርዱ የሚይዙት የደረጃ መደገፊያ እንድንሠራላቸው፣ ቧንቧውንም ወደ እርሳቸው እንድናቀርብ ጠየቀን። ለሁለቱም የተገዛው ባለ 1 ኢንች ጋልቫናይዝድ ቧንቧ ነበር፤ ከዝገት እንዲጠበቅ ዚንክ የለበሰው ማለት ነው።

መደገፊያው ደረጃውን ተከትሎ መታጠፍ ነበረበት። ቧንቧ ባዶውን ሲታጠፍ መታጠፊያው ላይ ይጨፈለቃል፤ ስለዚህ አሸዋ ሞልተን፣ ሁለቱን ጫፍ በእንጨት ውታፍ ደፍነን፣ በጋዝ እሳት እስኪቀላ አግለን ነው የምናጥፈው። አሸዋው ውስጥ እርጥበት ከቀረ ውኃው ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ከ1,000 ጊዜ በላይ ስለሚሰፋ ውታፉን አስፈንጥሮ ሰው ሊጎዳ ይችላል። ይህን የሚያውቁት አለቃዬ አሸዋውን በአሮጌ ላሜራ ላይ በከሰል ያስቆሉኝ ነበር። ከዚያም በእጃቸው ዘግነው፣ በጣቶቻቸው መካከል እንደ ጤፍ ሲንሸራተት ካላዩ በቀር «ሙላ» አይሉኝም። ጥንቃቄያቸውን አስቀድሜ የምናገረው፣ ቀጥሎ የደረሰው ነገር ከግዴለሽነት የመጣ እንዳልሆነ እንዲታወቅልኝ ስለምፈልግ ነው።

በዚያ ቀን ዝናብ ጣለ፤ ነፋሱም እሳቱን አላስቆም ስላለን ዕቃችንን አንድ በር ብቻ ወዳለው መጋዘን አስገባን፤ በሩንም ገርበብ አደረግነው። ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ድረስ ስድስት ቦታ አጠፍን፤ ቋሚዎቹንም በኤሌክትሪክ በየድን። የእኔ ሥራ ቧንቧውን አጥብቆ መያዝ ስለነበር ፊቴ ከእሳቱ በላይ ነበር። ዚንኩ በመጀመሪያ እንደ ላብ አቸፈቸፈ፤ ቀጥሎ አረንጓዴ የቀላቀለ ነበልባል ታየበት፤ ከዚያ ወፍራም ነጭ ጢስ ቤቱን ሞላው። ጢሱ ሲበርድ እንደ ጥጥ ባዘቶ እየተበጣጠሰ ፀጉሬ ላይ፣ ቅንድቤ ላይ፣ የአሸዋው ባልዲ ላይ ያርፍ ነበር። አፌንና አፍንጫዬን በፎጣ ስለጠቀለልሁ ራሴን የጠበቅሁ መስሎኝ ነበር።

ማታ ቤት ገብቼ ቡና ቀረበልኝ። የመጀመሪያውን ሲኒ ስቀምሰው ሳንቲም እንደመጥመጥ ያለ ጣዕም ተሰማኝ፤ ውኃውም እንደዚያው ሆነብኝ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ጉሮሮዬ ደረቀ፤ ደረቴ ተጨነቀ፤ ከዚያ ጥርሴን የሚያፋጭ ብርድ ብርድ መጣ፤ ትኩሳቱና የመገጣጠሚያ ቁርጥማቱም ተከተለ። እናቴ ሁለት ጋቢ ደርባ፣ «አብሽር ልጄ፣ ወባ ናት፤ ወቅቷ ነው» አለችኝ። እኔም አልተጠራጠርሁም። ቀደም ሲል ሁለት ጊዜ እንዲሁ ሆኜ፣ ያለ ምርመራ የወባ መድኃኒት ገዝቼ ውጬ፣ በማግሥቱ ድኜ ነበርና።

በዚህኛው ጊዜ ግን እናቴ አላስቀመጠችኝም፤ ሲነጋ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። ደሜ ታይቶ የወባ ተሕዋስ አልተገኘበትም። የመረመረኝ የጤና ባለሙያ ወረቀቱን አስቀምጦ እጄን አየ፤ ጥፍሬ ሥር ያለውን ጥቁረት ተመልክቶም፣ «ትናንት ምን ስትሠራ ዋልክ?» ሲል ጠየቀኝ። ነገርሁት። «የዘጋችሁት ቤት ውስጥ ነው?» አለኝ። አዎ አልሁት።

እርሱ በአጭሩ የነገረኝንና በኋላ ራሴ አንብቤ የተረዳሁትን አንድ ላይ ልጻፈው። ዚንክ በ420 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይቀልጣል፤ በ907 ዲግሪ ይፈላል፤ የብየዳ ሙቀት ደግሞ ከዚያ በብዙ ይበልጣል። የተነነው ዚንክ ከአየር ጋር ሲገናኝ ዚንክ ኦክሳይድ የሚባል እጅግ የደቀቀ ነጭ ብናኝ ይሆናል፤ ይህ ብናኝ በፎጣም ሆነ በተራ የአፍ መሸፈኛ አልፎ ሳንባ ድረስ ይዘልቃል። ሰውነትም ተሕዋስ የገባበት ያህል ይነሣበታል። ሕመሙ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ጢሱ ከተሳበ ከ4 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ስለሆነ፣ ሰው ትኩሳቱን ከቀን ሥራው ጋር አያያይዘውም። አብዛኛውን ጊዜም ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ በራሱ ይለቃል፤ ከሁሉ የሚያሳስተው ደግሞ ይህ ነው። በራሱ በሚለቅ ሕመም ላይ የወባ መድኃኒት ብንውጥ መድኃኒቱን እናመሰግናለን፤ ወተት ብንጠጣ ወተቱን እናመሰግናለን። በያጆች ዘንድ ወተት ጢሱን ያጥባል የሚለው እምነት ጽኑ ነው፤ ወተት ግን የሚወርደው ወደ ሆድ ነው፤ ጢሱ ያለው ሳንባ ውስጥ ነው።

በሌላ በኩል፣ የበያጅ ትኩሳት ሁሉ ከዚንክ ነው ብሎ መተኛትም አደገኛ ነው። ወባ በሚገኝበት አገር ደም ሳይመረመር ምንም ማለት አይቻልም። ከዚህም በላይ አንዳንድ የብር መበየጃ ዘንጎችና የተለበጡ ብሎኖች ካድሚየም የሚባል ብረት አለባቸው፤ የካድሚየም ጢስ አጀማመሩ የዚንኩን ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ሳንባን አቁስሎ ሊገድል ይችላል። ትንፋሽ ካጠረ ወይም ትኩሳቱ በሁለተኛው ቀን ካልበረደ በቤት መቆየት አይገባም።

በሦስተኛው ቀን ወደ ሥራ ተመለስሁ። የቀሩትን መጋጠሚያዎች ለመበየድ ደጅ ወጣን፤ ነፋሱን ከጎናችን አደረግን፤ ከመገጣጠሚያው ግራና ቀኝ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ዚንኩን በግራይንደር አንስተን ጥቁሩ ብረት ሲታይ በየድን፤ የተራቆተውንም ቦታ ዚንክ ባለው ቀለም ሸፈንነው። የውኃውን መስመር ግን እሳት አላስነካነውም፤ ጥርስ አውጥተን በቃጫና በቀለም፣ ክርንና ማኒኮቶ በሚባሉት የቧንቧ ማገናኛዎች አጋጠምነው። ከዚያ ወዲህ ለሚታጠፍ መደገፊያ ዚንክ ያልለበሰ ጥቁር ቧንቧ ገዝተን ኋላ ፀረ ዝገት መቀባት ልማዳችን ሆነ።

ለአለቃዬ ጤና ጣቢያ የሰማሁትን የነገርኋቸው በዚያው ቀን ምሳ ላይ ነበር። ቤታቸው ደሴ ነው፤ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ማለት ነው፤ ጠዋት የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው ማታ ተመልሰው ይወጣሉ። እንጀራውን እንደያዙ ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩ፦ የትምህርት ቤቱ አጥር፣ የወፍጮ ቤቱ ታንከር፣ የመስጊዱ መወጣጫ። «ጎረቤቶቼ ሁሉ ይገርማቸው ነበር» አሉኝ፤ «በዚያ ብርድ አገር ከእኛ ሰፈር ወባ የሚያማው እኔን ብቻ ነበር»።